የበረቱ ቀዳዳ

«ከዋጃ እስከ ሮቢት እንደ እኛ ያለ ቀዝቃዛ ቤት የለም፤ እኔ ነኝ ያሳመርኩት!» እያለች ልጅቱ ጠዋት ለጎረቤቱ ሁሉ ስትደነፋ ነበር። ባለርስቱ በመሬት አዋጁ ጊዜ ጥሎት የሸሸውን የበሬ በረት ገበሬ ማኅበሩ ለአባቷ መኖሪያ እንዲሆን ሲሰጥ፣ ከቆርቆሮው ሥር አገዳ ያስነጠፈችው እሷ፣ ትኩስ ንፋስ እንዳይገባ የግድግዳውን የታች ቀዳዳዎች በጭቃ የደፈነችውም እሷ ናት። የእንጀራ እናቷ «ተይ፣ አትንኪያቸው» ብትላት «እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ስለ ንፋስ ምን ያውቃሉ?» ብላ ስቃባታለች።

ከሰዓት በኋላ ከተራራው የወረደው ጎርፍ በደጁ ገባና መውጫ አጣ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን አልፎ የዓመት ቀለባቸው ወደሆነው የማሽላ ጆንያ ሲጠጋ፣ የእንጀራ እናቷ ዶማ አንስታ ጥርሷን ነክሳ መጣችባት። ልጅቱ ፊቷን በክንዷ ጋረደች። ዶማው ግን ከእግሯ አጠገብ፣ ራሷ በመረገችው ጭቃ ላይ አረፈ። ቀዳዳው ተከፈተ፤ ውሃው እየተንዶቀዶቀ ወደ ውጭ ወረደ።

«አስተማሪያችን እኮ ሙቀት የሚገባው በቀዳዳ ነው ብሎን…» አለች ልጅቱ ክንዷን ከፊቷ እያወረደች።

«ይሄ የሽንት መውረጃ ነው» አለቻት ሴትዮዋ፣ ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ እየዞረች። «በሬው ሳይማር ያውቀው ነበር።»