የደበዘዘው ድምፅ

አፔኒሳ ልቡ ውልቅ ብሏል። በፊጂ ዋና ከተማ በሱቫ ዳር ባለችው ጠባብ ስቱዲዮው የእህቱን ልጅ የሜሬሴኒን መዝሙር ከጠዋት ጀምሮ ሲያስተካክል ውሎ ምንም ጠብ አላለለትም። በማጣሪያው ከሥር ያለውን ጉርምርምታ ቆረጠ። በኢኳላይዘሩ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። ድምፅዋ አሁንም ብርድ ልብስ የተከናነበ ነው። ጨመረ። እንደገና ጨመረ።

ቄሱ ያለፈውን ቅጂ «ጆሮ ይበሳል» ብለው መልሰውበታል። ጆሮ የሚበሳውስ የቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ ድምፅ ማጉያ ነው!

ደግነቱ ሰፈሩ ፀጥ ብሏል። ድሮ ከመስኮቱ ውጭ ባለው የማንጎ ዛፍ ላይ የሚንጫጩት ትንንሽ ወፎች ካልተኙ ቀረጻ አይታሰብም ነበር። ያለፈው አውሎ ነፋስ ጠራርጎ ወስዷቸው ይሁን ሌላ፣ ብቻ ተገላግሏል።

የሆነ ነገር ሸተተው። ወደ ጓዳ ሲሮጥ ለሻይ የጣደው፣ ሲፈላ የሚያፏጨው ማንቆርቆሪያ ውሃውን ጨርሶ ቂጡ ቀልቷል።

«የዚህም ፉጨቱ ተበላሸ? ወይ የዘንድሮ ዕቃ!»

ሜሬሴኒ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጣች።

«አለቀ፣ አጎቴ?»

«ምኑ ያልቃል! ቁጭ በይ ልጄ። ላንቺ ማን እውነቱን ይንገርሽ? ድምፅሽ ሄዷል። ስንት ነገር ሞከርኩ፣ አይነሳም። የመዝሙሩን መሪነት ለሌላ ልጅ ስጪ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እናቴ ስትሞት እኮ አደራ ያለችኝ ይሄን መዝሙር ነው። ለተዝካሯ ሌላ ሰው ይምራው?»

«እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለሽ?» አለ፤ ደክሞታል፣ አዝኗልም።

«እንግዲያው እንደገና ይቅዱኝ። የእህት ልጅ ነኝ፤ ለምኛለሁ።»

እኛ ጋ የእህት ልጅ ከለመነች አጎት እምቢ አይልም፤ ጀልባውንም ብትጠይቀው ይሰጣል። አፔኒሳ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እሺ፣ ግቢ። አሁኑኑ እንጨርሰው።»

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ፣ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነ። ሜሬሴኒ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። አፏን ግን አልከፈተችም። በመስኮቱ ወደ ማንጎው ትመለከታለች።

«ኧረ ጀምሪ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ግራ ገብቷት ዞራ አየችው።

«ወፎቹ ዝም እስኪሉ ነዋ፣ አጎቴ።»