አንድ ብረት ጨምርበት

በያጁ የእህቱን አሮጌ የውድድር መኪና ማጠናከር ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ባሏ በዚሁ መኪና ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ የነካው ሰው አልነበረም። እሷ ግን «ለእሁዱ ውድድር እኔው እነዳዋለሁ» ብላ ድርቅ አለች፤ አንገቷን ቢቆርጧት የምትመለስ አልሆነችም። ወንድም ነውና፣ ቢጨንቀው የዛገውን ወለል በላሜራ ደርቦ፣ ጣሪያውን በብረት ቱቦ ሊደግፍላት ተነሣ።

ረፋድ ላይ ከሥሩ ተንጋሎ ሻንሲውን ሲበይድ፣ ከበላዩ የሾፌሩ መቀመጫ ሲጥ አለ።

«መጣሽ እንዴ፣ እቴ?»

«መጣሁ፣ ወንድምዬ።» የእሷው ድምፅ ነው።

«መቀመጫው ይመቻል?»

«ይመቻል። ብቻ አንድ ብረት ጨምርበት።»

«የት ላይ?»

«በሩ ላይ። እንዳይከፈት።»

ሳቀ። «ታዲያ በየት ልትወጪ ነው?»

ወዲያው የጋራዡ በር ተከፈተና እህቱ ሄልሜቷን በብብቷ ሸጉጣ እያለከለከች ገባች።

«አረፈድኩብህ አይደል? ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ከመኪናው ሥር እየተሳበ ወጣና በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። መቀመጫው ባዶ ነው። ቀበቶው ግን ተቆልፎና ተወጥሮ፣ እንደሚተነፍስ ሰው ደረት ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል።