ቀዩ ካርቶን

አቶ ኤርሳዶ ሥጋውን ዳጣ ውስጥ ሁለቴ አጥቅሰው ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ባርኮት ሲዞሩ፣ እናቷ አባይነሽ የያዘችውን ሳህን የት እንዳስቀመጠች ራሷም አላወቀችም። ዕለቱ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ነው፤ ሶዶ ከጠዋት ጀምሮ «ዮዮ ጊፋታ» ስትል ውላለች፣ ሳሎኑም ከቢጠናና ከዲምቱ በመጡ ዘመዶች ጢም ብሏል። በዚህ ቤት በአዲስ ዓመት የመጀመሪያውን ሥጋ ለልጅ ልጆቹ በየተራ የሚያጎርሰው የቤቱ ሽማግሌ ነው። የአቶ ኤርሳዶን ጉርሻ እምቢ ያለ ልጅ ደግሞ ገና አልተወለደም።

የባርኮት ተራ ሁሌም መጨረሻ ነው፣ ትልቁ ጉርሻም ሁሌ የእሷ ነው፤ ምክንያቱም ትስቃለች። ሰባት ዓመቷ ነው። አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም፣ ሰው ካልደገፋት አትራመድም፣ ግን ትስቃለች። ሐኪሙ ነገሩ አንጀልማን ሲንድረም የሚባል፣ ከስንት ሺህ ልጅ አንዱን የሚገጥም እንደሆነ፣ ሳቁም ከዚያው እንደሚመጣ ለአባይነሽ አስረድቷታል። ስትፈራም ትስቃለች፣ ሲያማትም ትስቃለች። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ! አምና ዳጣው አፏን ሲለበልባት ተንከተከተች፤ አያትየውም ወደደችው ብለው ሦስቴ ደገሙላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ሆዷን ይዛ ስትንፈራገጥ ያየቻት እናቷ ብቻ ናት።

አባይነሽ ያኔም ዳጣው ይቅርባት ብላ ለምና ነበር። አማቷ አቶ ኤርሳዶ ግን ልጅቷ እየሳቀች አንቺ ምን አስለቀሰሽ ብለው አፏን አስያዟት። ምን ትበል? በእጇ ላይ ምን ማስረጃ አላት?

ለዚህ ነው ከሳሙና ካርቶን ሁለት ቁራጭ ቆርጣ፣ አንዱን ቀይ አንዱን አረንጓዴ ቀብታ፣ በክር ባርኮት አንገት ላይ ያንጠለጠለችው። አረንጓዴው እፈልጋለሁ ነው፣ ቀዩ አልፈልግም። ዘዴውን ያሳየቻት ሆስፒታል ያገኘቻት አንዲት ባለሙያ ነች። ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ ስታስጠናት፣ ባርኮት ካርቶኑን ስታኝክ ከረመች። ባሏ ጌታሁን እንኳ ተይው፣ ራስሽን አትጉጂ ማለት ጀምሮ ነበር፤ አማቷማ ካርቶን ልጅ አያናግርም ብለው ከደመደሙ ቆይተዋል። ባለፈው ማክሰኞ ግን ጫማዋን ልታጠልቅላት ስትል ልጅቷ ቀዩን የገፋችላት መሰላት። መሰላት እንጂ እርግጠኛ አይደለችም። ዛሬ ጠዋት ለማንም ትንፍሽ ሳትል አዲስ ካርቶን ቀብታ አሰረችላት።

ጉርሻው አፏ ጋ ደረሰ። ባርኮት ከት ብላ ሳቀች። አቶ ኤርሳዶ አያችሁ አይደል በሚል ዓይን ዘመዱን ሁሉ ዞር ብለው ቃኙ። አባይነሽ ዘላ እጃቸውን ልትይዝ ምንም አልቀራት፤ ግን የባለሙያዋ ምክር ትዝ አላት፦ እጇ እስኪታዘዝላት ጠብቂያት፣ አትቅደሚያት። ከንፈሯን ነክሳ ቆመች።

የባርኮት እጅ እንደ ልማዱ እየተንቀጠቀጠ ወደ ላይ ወጣ፣ ጆሮዋን ነካ፣ ወረደ፣ ክሩን አገኘ። አረንጓዴውን አለፈው። ቀዩን ጨበጠችና እየሳቀች አያቷ መዳፍ ላይ፣ ከጉርሻው ሥር ለጠፈችው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አቶ ኤርሳዶ።

«እምቢ ነው፣ አባባ» አለች አባይነሽ። «አልፈልግም አለችዎት።»

ሽማግሌው አላመኑም። ጉርሻውን መለስ አድርገው እንደገና አቀረቡላት፤ ቀዩ መጣ። ጉርሻውን በደንብ ሳታየው ተሳስታ እንዳይሆን ብለው ነው መሰል፣ ፊታቸውን አስጠግተው በግራ በኩል አቀረቡላት፤ ቀዩ እንደገና መጣ፣ በዚህኛው ጊዜ አፍንጫቸው ላይ።

አባይነሽ ከዚያ በላይ መቻል አቃታት፣ እልልታዋን አቀለጠችው። አባወራው በልጅ ፊት አፍረው ምራትየዋ እልል ስትል ያየ ሰው ምን ይበል! ከዲምቱ የመጡት አክስት ኧረ ነውር ነው ብለው ነጠላዋን ጎተቱ፤ ጌታሁን ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አልለየለትም፤ እሷ ግን አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል። ሌላዋ እናት እማዬ የሚለውን ቃል ትጠብቃለች። እሷ ሰባት ዓመት ስትጠብቅ የኖረችው እምቢን ነው፣ ይኸው ዛሬ በሰው መሀል ሦስት ጊዜ ሰማችው።

አቶ ኤርሳዶ ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት። ሲያኝኩ ቆዩ። ዳጣው ይሁን ሌላ ነገር፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አምናም እንደዚሁ ነበር?» አሉ ቀስ ብለው።

«አምናም፣ አባባ።»

ካርቶኑን ከእጇ ተቀብለው መልሰው በባርኮት ደረት ላይ አስተካከሉት። ከዚያ እንደ ወትሮው ብድግ አድርገው ሊያቅፏት እጃቸውን ሰደዱና መንገድ ላይ አቆሙት። ወንበራቸውን ገፋ አድርገው፣ እያቃሰቱ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ።

«ልቀፍሽ?» አሏት።

የባርኮት እጅ እየተንቀጠቀጠ ወጣ፣ ጆሮዋን ነካ፣ ወረደ፣ ክሩን መፈለግ ጀመረ። አባይነሽ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሲገቡ ቤት ሙሉ ሰው የሚነሳላቸው አቶ ኤርሳዶ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ መልሷን ይጠብቃሉ።