በማግኔት የሚለካ ትዳር

መንግሥት ፍቅርን በማግኔት መለካት ከጀመረ ወዲህ ከጥርጣሬ ተገላግለናል። የጋብቻ ቀለበት ሁሉ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው፤ እቅፍ ሲያሞቀው የኒኬል አቶሞቹ ይሰባሰቡና ማግኔት ይስበዋል። ቀለበታቸው ያልተሳበ ባልና ሚስት የቀበሌ ቤታቸውን ይለቃሉ።

እኔና ባሌ ዳምጠው ጀርባ ተሰጣጥተን መተኛት ከጀመርን ስንት ክረምት አለፈ! ስለዚህ እንደ ጎረቤቶቼ ሁሉ ቀለበቴን ረመጥ ውስጥ ቀብሬ አበሰልኩት። እሱ ግን "የእኔን አላወልቅም" አለ።

ዛሬ ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ እልፍነሽ ማግኔታቸውን ይዘው መጡ። የእኔ ቀለበት እንደ ምንም ተሳበ። የዳምጠው ግን ጣቱን ጎትቶ ሄዶ ልጥፍ አለ።

"አቤት ትዳር!" አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

ዳምጠው በላብ ተጠመቀ። በማን እቅፍ እንደሞቀ ብጠይቅ ቤታችንን እንነጠቃለን። እኔም እልል አልኩ።