ዲስክ የሌለው ጨዋታ

እዚህ ካሳራኒ ሰፈር ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ካሣሁን አሮጌውን የመኪና ውድድር ጌም ዲስክ ለሰው ሰጠው። ዲስኩ ስለተጫረ፣ ጌሙ ውስጥ መኪናዋ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ይቆም ነበር። ያኔ የካሣሁን ባለቤት ሠናይት ዲስኩን ታወጣውና እፍ ብላ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለው ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ጌሙ በቆመ ቁጥር ልጃቸው ልዕልት ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞራ እናቷን ትጠብቃለች። አባትየው ይኼን ማየት አልቻለም።

«አሁን ያንኑ ጌም ከኢንተርኔት አወረድኩት፣ እትዬ። ዲስክ ስለሌለው አይቆምም። ልዕልትም መጠበቋን ትተዋለች» አለኝ።

«በኤምፔሳ ከፍለህ ንፋስ ገዛህ በለኛ» አልኩት። እሱም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ልዕልት መጫወት ጀመረች፤ እኛም አጠገቧ ቆመን እናያለን። መኪናዋ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ጌሙ ቀጥ አለ።

«ኔትወርክ ነው» አለ ካሣሁን፤ ራሱም ያመነ አይመስልም። ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።

«አትንካው፣ አባዬ» አለችው።

ከማሽኑ ውስጥ እፍ የሚል የሰው ትንፋሽ ወጣ፤ ቀጥሎ የሆነ ነገር በጨርቅ በቀስታ ሲወለወል ሰማን። መኪናዋ ድልድዩን ተሻገረች።

ልዕልት ወደ በሩ አልዞረችም። ሶፋው ላይ ጠጋ ብላ ለሰው ቦታ ለቀቀች።