የእህቴ ቫይታሚን

እህቴ ጣቷን በምራቋ እያረጠበች ክኒን ታነሳለች፤ በትንንሽ ፌስታል ትከታለች። በዚያው ጣት ከጠዋት ጀምሮ የሰው ፀጉር ስትነካካ ነው የዋለችው፤ ጥፍሯ ውስጥ የተጋገረ ቅባት ይታየኛል። ከፀጉር ቤቱ ጓዳ በር ላይ ሻምፑ እንደያዝኩ ደርቄ ቀርቻለሁ።

«ዝጊው እንጂ በሩን» ትለኛለች ቀና ሳትል። «ምን ይገትርሻል?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቫይታሚን ነዋ።»

ከእግሯ ስር፣ ከፀጉር ማለስለሻው ካርቶን ኋላ፣ ባለ ሺህ ፍሬ የመድኃኒት ዕቃ ተወሽቋል። ጎንበስ ብዬ አነሳዋለሁ። ዴክሳሜታዞን ይላል። ሐኪም ለአስም፣ ለከባድ አለርጂ፣ በልክና አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ቀን የሚያዘው መድኃኒት ነው። ፋርማሲ መማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ይሄንን እንኳ አላጣውም።

«ለማን ነው የምትሰጪው?»

«ወፈር ማለት ለሚፈልጉ። ጉንጭ ያወጣል፣ አንገት ይሞላል። መርቀውኝ ነው የሚሄዱት።»

«ይሄ እኮ ውፍረት አይደለም፤ የጎንዮሽ ጉዳት ነው! መድኃኒቱ የተሠራው ለሌላ ነገር ነው። አንቺ የምትሸጪው ጉዳቱን ነው!»

አሁን ቀና ትላለች። ትስቃለችም።

«ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽኝ?»

«እኔ?»

«ለፈተና ጮክ ብለሽ ስታነቢ ጆሮዬን በልተሽው የለ! ‹ተፈላጊ ውጤት እንዲህ፣ የጎንዮሽ ጉዳት እንዲያ።› የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ፊት ይሞላል ያልሽው ማን ነው ታዲያ? እኔ ምን ጨመርኩበት?»

ልክ ናት። ያን ቀን ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ደንበኞቿ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤያለሁ። ስኳርና ደም ግፊት፣ የአጥንት መሳሳት፣ በድንገት የማቆም አደጋ የሚለው ጋ ስደርስ እሷ የፀጉር ማድረቂያውን አበራችው። እኔም ማንበቤን ተውኩት። ያደነቀኝ ሰው ስለነበር በቂዬ ነበር።

የጓዳው በር ይከፈታል። ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ከጎን ካለው ሱቅ። ከቅጥነቷ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ መርፌ ነው የሚላት። አሁን ግን ፊቷ እንደ ተነፋ ፊኛ ክብ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ዓይኖቿ ከጉንጯ በላይ ጠበዋል። እጆቿ ያው ቀጫጭን እንደሆኑ ናቸው። የሌላ ሰው ጭንቅላት የተገጠመላት ትመስላለች። ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች።

«እትዬ፣ አለቀብኝ እኮ» ትላታለች እህቴን። «ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳላቋርጥ ነው የወሰድኩት። አራት ቀን ከተውኩት ወዲህ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ውሃም ያስመልሰኛል።»

«አየሽ?» ትለኛለች እህቴ፣ ፊቷ በርቶ። «ስትተወው ነው ያመማት! ይሄ ማለት ይሠራል ማለት ነው።» ከዚያ አንዱን ፌስታል ልትከፍት ጣቷን ወደ ምላሷ ትወስዳለች።

ፌስታሉን እነጥቃታለሁ።

«ስሚኝ» እላታለሁ ልብስ ሰፊዋን። «ሰውነትሽ ራሱ የሚሠራው እንዲህ ያለ ነገር አለ። በብዛት ከውጭ ሲገባለት ግን መሥራቱን ተወ። አሁን ክኒኑ በአንዴ ሲቆም የሚተካው የለም። ለዚህ ነው እግርሽ አልታዘዝ ያለሽ። አሁኑኑ ሐኪም ጋ እንሂድ።»

«ቫይታሚን አይደለም እንዴ?» ትላለች። የምታየው እህቴን ነው።

እህቴ ፌስታሎቿን ወደ ሽርጧ ኪስ ትጠርጋለች።

የያዝኩትን ዕቃ ሽንት ቤት ገልብጬ ውሃ ብለቅበት ደስ ባለኝ። ግን ሐኪሙ ሊያየው ይገባል። ምናልባትም ከዚሁ መድኃኒት እንደገና ሰጥቷት፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው የሚያስተዋት። ይሄን ማወቄ ራሱ ያስጠላኛል። ዕቃውን ቦርሳዬ ውስጥ ከደብተሮቼ ጋር እከተዋለሁ።

«የት ልትወስጃት ነው?» እህቴ በሩ ላይ ትቆማለች። «ስሜን ብትጠሪ እህት የለኝም በይ!»

«እጠራዋለሁ። የኔንም ጭምር። ዞር በይ።»

ዞር ትላለች።

ልብስ ሰፊዋን ክንዷን ይዤ ከጓዳው ወደ ፀጉር ቤቱ አወጣታለሁ። ቆዳዋ እንደ እርጥብ ወረቀት ስስና ቀዝቃዛ ነው፤ እላዩ ላይ ሰማያዊ የበለዘ ምልክት ተበትኗል። ሁለት እርምጃ ሳንሄድ ጎንበስ ብላ ጫማዬ ላይ ታስመልሳለች።

«ይቅርታ፣ በሞቴ ይቅርታ፣ አቆሸሽኩሽ...»

«ምንም አይደል።» እውነቴን ነው። የሚያስጸይፈኝ እሱ አይደለም።

ፀጉር የሚሠሩት ሴቶች ያዩናል። አንዷ አፍንጫዋን ትይዛለች። የውጭው በር ጋ ስንደርስ ልብስ ሰፊዋ ትቆማለች፤ ክንዷን ስቤ ላስወጣት ብልም አትንቀሳቀስም።

«እህት ዓለም» ትለኛለች በሹክሹክታ፣ «ሐኪሙ ካስቆመኝ መልሼ እከሳለሁ?»

ክንዷን እለቅላታለሁ።

«ሰርጌ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።»

ከበሩ አጠገብ ያለውን መስታወት እያየች፣ ሊወስድባት የመጣ ሰው ያለ ይመስል፣ ሁለቱን ጉንጮቿን በመዳፎቿ ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች።