የሚያሰጋ ነገር የለም

ካድሬው ወረቀቱን ወደ አስጎብኚዋ ገፋላት። ጅቡቲ ወደብ የቆመችው መርከብ መንገደኞች በባቡር መጥተው ድሬዳዋን ሊጎበኙ ነበርና፣ ከተማዋ ለእንግዳ ታሰጋ እንደሆነ በጽሑፍ ማረጋገጥ የእሷ ሥራ ነበር። «ቀፊራ ገበያን በእግር መዞር ይችላሉ። የሚያሰጋ ነገር የለም» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ካድሬው ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። የፊርማው ቀለም እስኪደርቅ እፍ እፍ አለበት።

«በቀንም በማታም ድሬ ሰላም ናት እያልሽ ነው፣ ጓድ ተሻለች?»

«ሰላም ናት፣ ጓድ።»

«ጥሩ» አለ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ እየከተተ። «ታዲያ ባለቤትሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቱ የማያድረው ማንን ፈርቶ ነው?»